«አጥሬ ነው ወይ?»፦ ስለ ቅንጭብ፣ ስለ ሻጋታና ከቫይረስ ስለሚነሱ ካንሰሮች

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በጡረታ ላይ የምትገኝ ነርስ አባላችን ለአባላትና ለደጋፊዎች ያደረገችው ንግግር



ሰብሳቢያችን «ሲስተር፣ በጉባኤው ላይ ስለ ካንሰር ትንሽ ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። የካንሰር ወሬ ሲነሳ ሰው ወይ ይደነግጣል ወይ ጆሮውን ይደፍናል። ኋላ ግን ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት እናት የጠየቀችኝ፣ ያን ጊዜ መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ያቺ እናት ዛሬ የማኅበራችን አባል ናት፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ስሟን ግን አልጠራም።

ያን ጊዜ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ጉንጩ ትንሽ አበጠ። «ጥርሱ ነው» ተባለና አንድ መንጋጋው ተነቀለ። እብጠቱ ግን አልጎደለም፤ እንዲያውም የጎኑ ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። አያቱ፣ ሰው ለኪንታሮት ሲያደርግ ያዩትን ይዘው፣ ከግቢው አጥር ቅንጭብ ሰበሩና ወተቱን እብጠቱ ላይ ቀቡት። ቆዳው ተላጠ፣ እብጠቱ ባሰ። ጸበልም ወሰዱት። እኔ ዘንድ ሲመጡ አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘው ነበር፤ እብጠቱ ዓይኑን ወደ ላይ ገፍቶታል። ወደ አዲስ አበባ ጻፍንላቸው። የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ተበድረው እስኪነሱ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ሐኪሞቹ «በርኪት ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው» አሏት። መድኃኒቱ ተጀመረ፤ ኩላሊቱ ግን አልቻለም። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አጥሩ የለም። በገጀራ፣ በገዛ እጇ ጨፍጭፋ ጥላዋለች። ወተቱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ከለቅሶ ቤት አንድ የተማረ ሰው «ይህ ቅንጭብ ነው ካንሰር የሚያመጣው፤ ተጽፏል» ብሏት ኖሯል። እጄን ይዛ «ሲስተር፣ አጥሬ ነው ወይ ልጄን የገደለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ዓይኗን በውሃ አጠብኩላት።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ሐኪሞችንም ጠይቄያለሁ። ዛሬ ያንን ጥያቄ ለእሷም ለእናንተም ልመልስ። ዓመቶቹን የምናገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስማችን ከዛፍ ነው

አዳማ የሚለው ስም «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ትርጉሙ ቁልቋል ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሲሰበሩ ነጭ ወተት ያፈሳሉ፣ ሁለቱም ድርቅ አይበግራቸውም። ቅንጭብን ቅርንጫፉን ቆርጠህ መሬት ላይ ከሰካኸው ይበቅላል፤ ፍየል አይበላውም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ስለዚህ ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ባቱ በሄዳችሁበት አጥር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሽቦና ብሎኬት የማይችል ቤት አጥሩ ቅንጭብ ነው። «ንቀሉት» ማለት ለአንዳንዳችን «ቤታችሁን ክፍት አድርጋችሁ እደሩ» ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን ሳናውቅ መፍረድ የለብንም።

የተዳፈነ እሳት

በ1950ዎቹ መጨረሻ ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት በብዛት ይመጡበት ጀመር። በ1958 ስለ በሽታው ጽፎ አወጣ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በየሆስፒታሉ «እንዲህ ያለ ሕፃን አይታችኋል?» እያለ ጠየቀ። መልሱን በካርታ ላይ ሲያሰፍረው በሽታው በአፍሪካ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ታየ፦ ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ከ1,500 ሜትር ገደማ በታች ባለ መሬት። ይህ የወባም ካርታ ነው።

በ1964 ለንደን ውስጥ አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ከካምፓላ በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ አዲስ ቫይረስ አገኙ። ዛሬ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ይባላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል። በእኛ አገር እናት ለልጇ አላምጣ ስታጎርስ፣ ስትስመው፣ ልጆች በአንድ ጣሳ ሲጠጡ ይተላለፋል። በአፍሪካ አብዛኛው ልጅ ገና ጡት ሳይጥል ወይም ብዙም ሳይቆይ ይይዘዋል። በዚህ አዳራሽ ካለነው ሁላችንም ማለት ይቻላል ይዘነው ነው የተቀመጥነው። ታዲያ ሁላችንም ይዘነው ለምን ከብዙ ሺህ አንድ ልጅ ብቻ ይታመማል?

ይህንን እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ፤ እሳት ማዳፈን ታውቃላችሁና። ማታ ፍሙን አመድ ታለብሱታላችሁ። እሳቱ አልጠፋም፤ ግን አያቃጥልም። ጠዋት አመዱን ገልጣችሁ ጭራሮ ጨምራችሁ እፍ ስትሉት ይነዳል። ቫይረሱም በነጭ የደም ሕዋሳችን ውስጥ እንደ ፍም ተዳፍኖ ይኖራል። አመዱ የሰውነታችን የመከላከል አቅም ነው። ካንሰር እንዲነሳ አመዱን የሚገልጥ፣ ጭራሮ የሚጨምር፣ እፍ የሚል ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛው ወባ ነው። አንድ ልጅ በወባ ደጋግሞ ሲታመም ቫይረሱን ጠብቀው የሚይዙት ሕዋሳት ይደክማሉ፤ ቫይረሱን የተሸከሙት ደግሞ ይባዛሉ። በኡጋንዳም በሌሎች አገሮችም በተደረጉ ጥናቶች የተደገፈ ነው። ቅንጭብ ለሁለተኝነት ተጠርጥሯል።

ቅንጭብ ላይ ምን ተገኘበት?

በ1980ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ጋር ኬንያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ኮክዋሮ፣ ከቅንጭብ ቤተሰብ የሆኑ የአፍሪካና የቻይና ዕፅዋትን ጭማቂ መረመሩ። በወተቱ ውስጥ ፎርቦል ኤስተር የሚባል የኬሚካል ዓይነት አለ። ይህ ኬሚካል በላቦራቶሪ ውስጥ የተዳፈነውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል፤ ቫይረሱ የያዛቸው ሕዋሳትም እንዲባዙ ያግዛል። ዛፉ ከበቀለበት አፈርም ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር ተገኝቷል። በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ቫይረሱና የቅንጭብ ጭማቂ አንድ ላይ ሲሆኑ በነጭ የደም ሕዋስ 8ኛ ክሮሞሶም ላይ ለውጥ እንደታየ ጻፈ። የበርኪት በሽተኞች የሚታወቁበት ለውጥም እዚያው ክሮሞሶም ላይ ነው።

በ1993 ከማላዊ የወጣ ጥናት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ቤት ለቤት ሄደ። የታመሙ ልጆች ቤትና አካባቢ ካልታመሙት ይልቅ ቅንጭብ በብዛት ተገኘ። እንግዲህ ያ በለቅሶ ቤት የተናገረው ሰው ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም።

ነገር ግን ሌላውንም ጎን እንየው። በጠርሙስ ውስጥ ያለ ሕዋስ ልጅ አይደለም። ልጅ አጥር ጥግ ሲጫወት ምን ያህል ወተት ወደ ሰውነቱ ይገባል? በጠርሙሱ ውስጥ የፈሰሰው ያህል ይሆናል ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቅንጭብ የሚወደው ሙቀት ወባም የሚወደው ነው። ሁለቱ አብረው በሚኖሩበት ሰፈር ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ከባድ ነው፤ ሌባና ጎረቤቱ በአንድ ግቢ ሲያድሩ እንደማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቅንጭብ የታጠሩ ሚሊዮን ቤቶች አሉ፤ በሽታው ግን ብርቅ ነው።

የእኛም አካባቢ ከኡጋንዳው ይለያል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ወባችን ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታ ነው። በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ መስኖ፣ በቆቃ ሐይቅ ዳርቻ ግን ውሃው ስለማይደርቅ ትንኟም ትቆያለች። ስለዚህ በእኛ ሰፈር በእርግጠኝነት የምናውቀው እሳት ገላጭ ወባ ነው። ቅንጭብ ተጠርጣሪ ነው፤ አልተፈረደበትም።

እህቴ፣ ያኔ ያልመለስኩልሽ ይኸው ነው። አጥርሽ ልጅሽን ገደለው ብሎ በእውነት ሊመሰክር የሚችል ሰው የለም። አንቺም አልገደልሽውም። አላምጠሽ ማጉረስሽ፣ መሳምሽ፣ ቅንጭብ መትከልሽ ኃጢአት አይደለም። የጎዳን መዘግየቱ ነው። ያ ካንሰር ከሚታወቁት ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ሕዋሶቹ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። በዚያው ልክ ደግሞ ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ከሚድኑት አንዱ ነው። አምስት ሳምንትና ዘጠኝ ቀን ለእሱ ዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ መዘግየት ውስጥ የእኔ የጤና ባለሙያዋም ድርሻ አለበት፤ የመንጋጋ እብጠት ሁሉ ጥርስ እንዳልሆነ በየሰፈሩ አስቀድሜ አላስተማርኩም።

አጥሩን ፈርተን ጆንያውን ረሳነው

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ቅንጭብን በጥርጣሬ ስንፈራ፣ በእርግጥ የተፈረደበት ሌላ ነገር በራሳችን መጋዘን ተቀምጧል።

በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ ዶሮዎች በጥቂት ወራት አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ መኖአቸው ውስጥ የገባው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆነ። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን ይመታል። የጉበት ካንሰርም ከበስተጀርባው ብዙ ጊዜ ቫይረስ አለው፤ እሱም ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሻንጋይ ውስጥ ከ18,000 በላይ ወንዶች ተከታትሎ በ1990ዎቹ የወጣ ጥናት እንዲህ አለ፦ አፍላቶክሲን ብቻ ያገኘው ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 3 እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ቫይረሱ ብቻ ያለበት 7 እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱም ያሉበት ግን 60 እጥፍ ገደማ። ፍምና ጭራሮ ሲገናኙ እንዲህ ነው።

ይህ የቻይና ወሬ ብቻ አይደለም። በ1996 የታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከተሸጠ ሽሮና በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል። በ2016 የታተመው ደግሞ ቢሾፍቱን ጨምሮ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች 110 የወተት ናሙና መርምሮ በሁሉም ውስጥ የመርዙን ዝርያ አገኘ። ዋናው ተጠርጣሪ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላሟ የበላችው በወተቷ በኩል ወደ ልጆቻችን ይመጣል።

እኛ ምን እንሸጣለን? በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ። ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ ሁለት ኩንታል ኦቾሎኒ ረጠበብን። አንዳንዶቻችሁ ትዝ ይላችኋል። በስብሰባ ተነጋገርን፤ «መጣል ኪሳራ ነው፣ የሻገተውን እንለቅምና የቀረውን ጥሩ አድርገን እንቆላዋለን» አልን። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ነርስ ሆኜ! እሳት ሁሉን ይገድላል ብዬ ነበር። አፍላቶክሲን ግን በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም፤ ቢቀንስ እንጂ። ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። የተለቀመውን ደግሞ ለዶሮ ሰጠነው። ያንን ኦቾሎኒ መናኸሪያ ላይ የገዙት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው የሚጓዙ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እጄን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቅንጭብን በድንጋጤ አንጨፍጭፈው። አጥር ሆኖ ይቆይ። ልጆች ግን እየሰበሩ በወተቱ አይጫወቱ፤ ቁስል፣ እብጠት፣ ኪንታሮት ላይ አይቀባ። መቁረጥ ካለብን እጃችንንና ዓይናችንን ሸፍነን ይሁን፤ ጭሱም ስለሚጎዳ ማገዶ አናድርገው። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ዓይን ያጠፋልና ይህኛው ጥርጣሬ የለበትም።

ሁለተኛ፣ አጎበር። የተሰጠንን አጎበር ለበርበሬ ማስጫ ወይም ለዶሮ ቤት ያደረግን ካለን ዛሬ ማታ ወደ ልጆቹ አልጋ እንመልሰው። ትኩሳት ያለበት ልጅ በዚያው ቀን ይመርመር።

ሦስተኛ፣ የልጅ መንጋጋ፣ የዓይን ዙሪያ ወይም ሆድ ካበጠ፣ ጥርሱም ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ፣ አንድ ሳምንት እንኳ አንጠብቅ። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ሐኪሙ ግን ይቅደም።

አራተኛ፣ ክትባት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው አምስቱን በአንድ በያዘው መርፌ ውስጥ አለ፤ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት። አንዱም አይቅር። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ግን አልተከተብንም፤ ምርመራውን እንጠይቅ። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ኤች ፒ ቪ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በ2018 መጨረሻ በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። እዚያም አጋዥ ተክል አለ፤ ትምባሆ። የሚያጨስ ሰው ያለበት ቤት ይህን ይወቅ።

አምስተኛ፣ የራሳችን መጋዘን። ጆንያ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በርበሬውና ኦቾሎኒው በሸራ ላይ በደንብ ሳይደርቅ አይታሰር። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ለሰውም፣ ለላምም፣ ለዶሮም አይሰጥ፤ ይቀበር። ኪሳራውን ማኅበሩ እንደ ማኅበር ይሸከም፤ መጋዘን ጠባቂዋ ብቻዋን «ጣይው» ለማለት እንዳትፈራ።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የመጋዘኑ ጣራ ነው። ሁለተኛው ትንሽ የመንገድ ገንዘብ ነው፤ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ጥቁር አንበሳ ስትላክ ብድር ፍለጋ ዘጠኝ ቀን እንዳትዞር፣ በዚያው ቀን የምትነሳበት። አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ በካንሰር ለታመሙ ልጆች ማረፊያ የሚሰጡ አሉ፤ በካንሰር ባጡት ልጅ ስም በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው። ከአዳማ እስከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያንን መቶ ኪሎ ሜትር የምንሸፍነው እኛ ነን።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ያቺ እናት ቤት ሄጄ ነበር። አጥሩ ተመልሶ በቅሏል። ለካ ቅንጭብ ከሥሩ ካልነቀሉት አይሞትም። «ተይው ብዬ ተውኩት» አለችኝ፤ «የልጅ ልጆቼን ግን አስተምሬያቸዋለሁ፤ አይነኩትም። አጎበሩንም እኔው ነኝ ማታ ማታ የምዘረጋላቸው።»

እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሁሉ ከዚህ አይበልጥም። የመንገዱን ገንዘብ ለመጀመር ከጡረታዬ የመጀመሪያውን መዋጮ ይኸው ለገንዘብ ያዣችን አስረክባለሁ።